ሸራው፣ ፊኑና የኔታ የዘለሉት ገጽ

መጋቢት 20 ቀን 1996 ዓ.ም.
ሆላንድ፣ ሐይቅ ዳር

ይድረስ ለማከብርዎት ለመሪጌታ እንድርያስ፣ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም።

ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ፣ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? ተማሪዎችዎ፣ በሬዎችዎ፣ ደጁም ቤቱም ደኅና ነው? እኔ በእመቤታችን ጸሎት ደኅና ነኝ። ብርዱ ብቻ ልሂድ ብሎ ተነሥቶ ደጃፍ ላይ ወሬ እንደያዘ እንግዳ ነው፤ አልወጣም።

ለእማዬ እንዲህ ብለው ያንብቡላት። ሥራዬ ደኅና ነው፤ በጀልባ ክበቡ ወጥ ቤት ዕቃ አጥባለሁ፣ ሾርባ አማስላለሁ። አልከሳሁም። የላከችልኝ በሶ ደርሶኛል፤ እንዳያልቅብኝ በማንኪያ እየቆጠርኩ ነው የምበላው።

ከዚህ በታች በዳሩ ላይ ዜማ የሚቆረጥበትን የቁርጥ ምልክት አድርጌያለሁ። በልጅነቴ ከድጓ ተማሪዎችዎ ጀርባ ተቀምጬ ምልክቶቹን ስለቅም አይተው እንዳላዩ ያለፉኝ እርስዎ ነዎት፤ እንግዲህ ዛሬ ጠቀመኝ። ከቁርጥ እስከ ቁርጥ ያለውን ለእማዬ አያንብቡላት።

ቁርጥ።

የኔታ፣ እዚህ ዊንድሰርፊንግ የሚሉት ነገር አለ። ሰው በሰሌዳ ላይ ይቆማል፤ ከሰሌዳው ላይ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ላይ ሸራ አለ፤ ሸራውን በእጁ ይዞ ነፋሱ በውሃ ላይ ይወስደዋል። ለክበቡ ሠራተኛ አሮጌ ሰሌዳ በነጻ ስለሚያውሱ ካለፈው ዓመት ጀምሬ እማራለሁ። መውደቁን ትቻለሁ አልልም፤ መነሣቱን ግን ለምጃለሁ። ዘንድሮ የራሴ ሸራ ይኑረኝ ብዬ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሄድኩ። ሁለት አገኘሁ። አንዱ አምስት ካሬ ሜትር ተኩል ነው፣ ስልሳ ዩሮ። ሌላው ሰባት ካሬ ሜትር ተኩል ነው፣ አርባ ዩሮ። አርብ ገበያ ሸማ በክንድ ሲለካ እያየች ያደገች ልጅ የትኛውን ትገዛለች? ሰፊውን በርካሽ የሰጠኝ ሰው ሞኝ ነው ብዬ እየሳቅሁ ተሸክሜው መጣሁ። ሻጩ አንዲት ትንሽ ፊን ጨመረልኝ። ፊን የሚሉት ከሰሌዳው ሆድ ሥር ተሰክቶ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ የዓሣ ክንፍ የመሰለ ነገር ነው።

ሞኟ እኔ ነበርኩ። ሸራውን ከውሃ ሳነሣ ወገቤ ይቆረጣል። ነፋስ ሲሞላው ደግሞ ሰሌዳው ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ኋላው በጎኑ ይንሸራተታል። አሠልጣኙ ሽማግሌ ሲናገር ስለሚፈጥን ግማሹ ያመልጠኛል። እርስዎ ውሃ ባያውቁ ነፋስ ያውቃሉ፤ ስንት ዓመት አውድማ ላይ በመንሽ ገብስ ለነፋስ ሰጥተዋል። ምን ይሉኛል?

አባቴን የበሽሎ ወንዝ ከወሰደው ወዲህ ውሃ የሚል ቃል ሲነሣ የእማዬ ፊት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። አደራዎን።

ቁርጥ።

ልጅዎ ብሩክታዊት ካሳ


ሚያዝያ 22 ቀን 1996 ዓ.ም.
ቤተ ልሔም

ለልጄ ለብሩክታዊት፤

ትንሣኤውን በጤና ያሳየን አምላክ በሰው አገር አጥር ቅጥር ይሁንሽ። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ ቀድሞ ስለጣለ እርሻው ተጀምሯል፤ በሬዎቼም እንደ እኔ አርጅተው ስማችንን ካልጠራህልን አንሄድም ባዮች ሆነዋል።

ደብዳቤሽ ለዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ከአርብ ገበያ ደረሰኝ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ እናትሽ አልጣሽ ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አነበብሁላት። ቁርጡ ላይ ስደርስ ቆረጥሁ።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ።»

«ወረቀቱ እኮ ሦስት ነው» አለች። ፊደል ባትቆጥር ገጽ ትቆጥራለች።

«ዓይኔ ደክሟል፤ የቀረው ሰላምታ ነው» አልኋት። አየሽ ልጄ፣ በሰባ ዓመቴ፣ ለስንቱ ድጓ አስመስክሬ፣ በደጀ ሰላም ዋሸሁ። ኃጢአቱን እኩል እንካፈላለን። ባለፈው ራዲዮ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር፤ ራዲዮውን ተይውና መነጽር ላኪልኝ። ዓይኔ በእውነት ደክሟል፤ ውሸቴ ግማሽ እውነት እንደነበረው ይቆጠርልኝ።

ስለ ሸራሽ። ጴጥሮስ እንኳ ነፋሱን ባየ ጊዜ ፈርቶ መስጠም ጀመረ፤ አንቺ ነፋሱን በእጅሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ይሁን። ውሃ ስለማላውቅ የማውቀውን እነግርሻለሁ። ጠንካራ በሬ ጠምደሽ ያለቀ ማረሻ ብታስሪ፣ በሬው ይስባል፣ ማረሻው ግን መሬቱን አይነክስም፤ በላዩ ይንሸራተታል፣ አራሹም ይወላገዳል። ፊን ያልሽው የውሃ ማረሻ መሰለኝ። ወይ ማረሻውን አስረዝሚ፣ ወይ በሬውን ቀንሺ። ለየብቻቸው አትግዢያቸው፤ በሬና ማረሻ አብረው ነው የሚታዩት።

ሸማ ቢሰፋ ደርበሽ ትለብሽዋለሽ። የሚጎትትሽ ነገር ሲሰፋ ግን የት ትደርቢዋለሽ? እኔ በሬውን ቀንሺ ባይ ነኝ። ደግሞም ፈርቼልሻለሁ፤ አባትሽ ካሳ የአክስቴ ልጅ ብቻ አልነበረም፣ ወንድሜ ነበር።

መሪጌታ እንድርያስ


ግንቦት 16 ቀን 1996 ዓ.ም.
ሆላንድ

ይድረስ ለየኔታ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ለሥላሴ ምስጋና ይድረሳቸው ደኅና ነኝ። መነጽርዎን የወገዳዋ ሐረገ ወይን ለዘመድ ጥየቃ ስትመጣ ይዛልዎት ትመጣለች። ሁለት ነው የላክሁት፤ አንዱን በሬው ሲረግጠው ሌላው ይኖርዎታል። ለእማዬ ጫማና አንድ ሹራብ አለ።

ቁርጥ።

እንዳሉት ማረሻውን አስረዘምሁ። በአሥራ አምስት ዩሮ ያገለገለ፣ ከክንዴ ትንሽ የሚያጥር ፊን ገዛሁ። ሰሌዳው መንሸራተቱን ተወ፤ ውሃውን ነክሶ ይሄዳል። አሠልጣኙ ገርሞት «ማን ነገረሽ?» አለኝ። የድጓ መምህሬ ብለው ምን ይገባዋል? አራሽ ዘመዴ አልሁት።

በሬውን ቀንሺ ያሉኝን ግን አልሰማሁም። ሸራው ትልቅ ነው፤ ሲሄድ ግን ይሄዳል፣ ሁሉን ጥዬ አልፋለሁ። ክፋቱ ሐይቁ አረም አለው። ረጅሙ ፊን አረሙን እየሰበሰበ ድንገት ቀጥ ያደርገኛል፤ እኔ በሸራው ላይ ተወርውሬ እወድቃለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። በመስከረም አንድ፣ በራሳችን ቅዱስ ዮሐንስ ዕለት፣ ክበቡ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር የማቋረጥ ቀን አለው። መካከል ላይ ትንሽ ደሴት አለች። ማዶ የደረሰ ሠራተኛ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ሕፃናትን የሚያስተምሩት ሰዎች ረዳት ይሆናል። የኔታ፣ አራት ዓመት ሙሉ እጄ ከሳሙና አልወጣም። ከዚያ ወጥ ቤት መውጣት እፈልጋለሁ።

እማዬ ሳትመርቀኝ ግን አልገባም። አባቴ ያን ዕለት እማዬ ተኝታ ሳለ፣ ሳትመርቀው ነው የወጣው። ጨለማ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ብቻ ትዝ ይለኛል። ያኔ ገና አሥር ዓመቴ ቢሆንም አልረሳሁትም። ስለዚህ እባክዎ ሩቅ መንገድ ልትሄድ ነው ብለው ያስመርቁልኝ። ውሃ የሚለውን ይተዉት።

ቁርጥ።

ብሩክታዊት


ሰኔ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.
ቤተ ልሔም

ልጄ ብሩክታዊት፣ ሰላመ እግዚአብሔር አይለይሽ።

መነጽሩ ደረሰ። አድርጌ ባየሁ ጊዜ የተማሪዎቼ ጥብቆ ስንት ቦታ እንደተቀደደ ታየኝና አዘንሁ። መልካም ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉድ ያፈላውም እርሱ ነው።

አልጣሽ መነጽሩ በደረሰ እሑድ መጥታ ደንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። መነጽሩን አየች፣ ደብዳቤውን አየች። «እሰይ፣ ዓይን መጣልዎት። እንግዲህ ዛሬ ሰላምታውንም ሳይቀር ይነበባል» አለች። ቁርጡ ላይ ስደርስ ቆምሁ። አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ እንደተቀመጠች ድመት በትዕግሥት ጠበቀችኝ።

ያለ ሰበብ ቀረሁ፤ አንቺ የላክሽው ዓይን አፌን ዘጋው። ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፣ ምርቃት በማታለል አይወሰድም። ያዕቆብ ቢወስድም ስንት ዓመት ከአገሩ አሰደደው። ስለዚህ አነበብሁላት። የዛሬውን ብቻ አይደለም፤ የመጋቢቱንም ከማኅደሬ አውጥቼ አነበብሁላት። ስለ አባትሽ የጻፍሽውንም።

ስጨርስ ተነሣች። የጫማውን ጥቅል ብብቷ ሥር አድርጋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አየኋት፤ ከሩቅ እጅ ነሥታኝ ታልፋለች እንጂ ደንጋይዋ ላይ አልተቀመጠችም። ምን እንዳሰበች አላውቅም። አደራሽን በላሁ። ይቅር በይኝ።

መሪጌታ እንድርያስ


ሐምሌ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.
ሆላንድ

የኔታ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መጀመሪያ ሳነበው ተናድጄብዎት ነበር። ሦስት ቀን ቆይቼ ደግሜ ሳነበው ግን እርስዎን በዚያ ደንጋይ አጠገብ ያቆምሁዎት እኔ መሆኔን አየሁ። እኔ ልጠየቅበት የሚገባኝን በእርስዎ አፍ አስዋሸሁ። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ቁርጥ የለም። ይህን ለእማዬ ከላይ እስከ ታች ያንብቡላት።

እማዬ፣ ለመጫወት ብዬ ብቻ አይደለም ውሃ ላይ የምወጣው። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ከዳሩ ብዙ አልራቅሁም። ሲሄድልኝ ግን አባቴ የሚያውቀውን ነገር ያወቅሁ መሰለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እርሱን ሳስብ የሚታየኝ የወሰደው ውሃ ብቻ ነበር፤ አሁን በውሃው ላይ እየሳቀ ሲሄድ ይታየኛል። እንዲህ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

አትግቢ ካልሽኝ አልገባም። ሸራውን ጠቅልዬ ወጥ ቤቱ ጀርባ አስቀምጫለሁ። መልስሽን እጠብቃለሁ።

ብሩክታዊት


ነሐሴ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.
ቤተ ልሔም

እኔ እንድርያስ ይህን የምጽፈው አልጣሽ እንደነገረችኝ ነው። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። ዛሬ ደንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ሁለታችንም አልቀመስንም፤ ቃሉ ቢያጥር ከዚያ ነው።

ልጄ ብሩክቴ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደኅና ነኝ። ጫማው ልኬ ነው። የኔታን «የምልዎትን ብቻ ይጻፉ፣ ቢዘሉ አውቃለሁ» ብያቸዋለሁ።

ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። የኔታ ሰላምታ ሲያነቡ አይስቁም። ያን ዕለት ግን ዓይናቸው ወደ ታች ሲሄድ ትከሻቸው ተነቀነቀ፤ የሚያስቅ ነገር ጽፈሽ ነበር። ኋላ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። የሚያስቀውን ከእኔ የሚያስደብቅ ነገር ከውሃ በቀር ምን አለ? ብንነግራት ትሞታለች ብላችሁ ሁለት ሆናችሁ ስትሸሽጉኝ፣ እኔም እንዳላወቅሁ ሆኜ ስሸሽጋችሁ ከረምን።

ዝም ያልሁት ተቆጥቼ አይደለም። ስለ አባትሽ ያልነገርሁሽን ከየት እንደምጀምረው ቸግሮኝ ነው። እናትሽ ሳትመርቀው ወጣ ብለሽ ጽፈሻል። እኔ መች ተኛሁ? ስንቁን ያሰርሁለት እኔ ነኝ። እስከ በሩ ሸኝቼ መርቄዋለሁ። ተኝተሽ የነበርሽ አንቺ ነሽ። ጎንበስ ብሎ ግንባርሽን ስሞሽ ነው የወጣው። ይህን ሁሉ ዓመት ሳይመረቅ ሄደ እያልሽ መኖርሽን ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ እነግርሽ ነበር። እኔን ልጄን።

የሞተው በሌላ ነው። በሽሎን ከዋናተኛ ሁሉ የሚያውቀው እርሱ ነበር፤ የሰውን ዕቃ በተነፋ ቆዳ ላይ አስሮ እየዋኘ ያሻግራል። ያን ቀን ሁለት ጆንያ በርበሬ ነበር። ልማዱ ቢሆን አንድ አንድ እያደረገ ሁለት ጊዜ ይመላለስበት ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ባንድ ጊዜ ልገላገለው ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ አሰረ። ዳር ቆሞ ያየ ገብረ ሚካኤል ነው የነገረኝ። ውሃውስ ሁልጊዜ የሚያውቀው ውሃ ነበር፤ ሸክሙ ነው ያልለመደው።

ያ ሰፊ ሸራሽ ሁለት ጆንያ ነው። ሽጭው። የምትችይውን ያዢ። መካከሉ ላይ ደሴት አለ ብለሻል፤ እዚያ ውጪ፣ ተቀመጪ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ተሻገሪ። ማን ቀደመ የሚሉት ነገር ያንቺ አይደለም። እንዲህ ካደረግሽ ግቢ።

ወጥተሽ ግቢ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ውሃው መንገድ ይሁንሽ። ለካሳ የጎደለውን ዕድሜ ለአንቺ ይጨምርልሽ።

እናትሽ አልጣሽ

ሁሉንም ጽፌያለሁ። ስጽፍ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ወልውያለሁ።


መስከረም 1 ቀን 1997 ዓ.ም.
ሆላንድ

ይድረስ ለእማዬ፣ ለየኔታም፤

እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ አሸጋገራችሁ። እኔም ተሻግሬያለሁ። ይህን የምጽፈው ማዶ ዳር ላይ፣ ልብሴ ሳይደርቅ ነው።

ደብዳቤያችሁ የደረሰኝ ሰኞ፣ ጳጉሜን አንድ ነው። ግንባሬን ይዤ አለቀስሁ። ወጥ ቤት ያሉት ሰው ሞቶባት ነው ብለው ሊያስተዛዝኑኝ መጡ፤ አይ፣ አባቴ ስሞኝ ነው አልኋቸው። አልገባቸውም።

በማግስቱ ሸራውን ይዤ ወደ ሻጩ ተመለስሁ። ያ አምስት ተኩሉ አሁንም ተሰቅሏል። መጋቢት ላይ ስፋቱን ብቻ ነበር ያየሁት፤ አሁን ግን አየሁት። እንደ መስኮት የሚያሳየው ላስቲክ ቢጫ አልሆነም፣ አልተሰነጠቀም። ስፌቱን በጥፍሬ ሳብ ሳብ አደረግሁት፤ ጠንካራ ነው። ከግርጌው የተጻፈውን የምሰሶ ቁመት ከምሰሶዬ ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ነው። ሻጩ ትልቁን በሠላሳ ተቀበለኝ፤ እኔም ሠላሳ ጨመርሁለት። ርካሹ ይሄ ነበር የኔታ። አሠልጣኙ ሽማግሌ ደግሞ የኔ ምርቃት ይሁንሽ ብሎ እንደ ማጭድ ወደ ኋላ የተቆለመመ አጭር ፊን ሰጠኝ። አረሙ በእርሱ ላይ ሲደርስ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ለትንሽ ሸራም ይበቃል።

ዛሬ አሥራ አራት ሆነን ገባን። መጀመሪያ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። አሽሟጠጡኝም፤ ይሄ መሐረብ ነው ወይስ ሸራ የሚል ነበር። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ በረታ። የኔታ፣ የገብስ ማሳ ነፋስ ሲተኛበት እንዴት እንደሚጠቁር ያውቃሉ፤ ውሃውም እንደዚያው እየጠቆረ ሲመጣ ስለሚታይ ቀድሜ ወገቤን አጠነክር ነበር። ትልልቅ ሸራ የያዙት ሦስቱ ሊቆጣጠሩት አቅቷቸው ሞተር ጀልባ ሰብስቦ መለሳቸው። እኔ አራት ጊዜ ወደቅሁ፣ አራት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሸራው ቀላል ነዋ።

ደሴቲቱ ላይ ወጣሁ። ማንም አላረፈም፤ እኔ ብቻ ተቀመጥሁ። ከወገቤ ላይ በላስቲክ ጠቅልዬ የያዝሁትን በሶ በውሃ በጥብጬ ጠጣሁ። የመጨረሻው ነበር እማዬ። ከዚያ ሁለተኛውን ጆንያ ይዤ ገባሁ።

ከአሥራ አራቱ አሥራ አንደኛ ደረስሁ። ከእኔ ኋላ ጀልባ ላይ ያሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው እጄን ይዞ፣ «ሚያዝያ ላይ ሕፃናቱ ይጠብቁሻል፤ ማረፍ የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው» አለኝ። ዛሬ ዝግ ብሎ ስለተናገረ ሁሉም ገባኝ።

ደስ ብሎኛል። እንዲህ ብዬ ጽፌላችሁ አላውቅም፤ ደስ ብሎኛል።

ልጃችሁ ብሩክታዊት


መስከረም 1 ቀን 1997 ዓ.ም.
ቤተ ልሔም

ለልጄ ለብሩክታዊት፣ እንኳን ለቅዱስ ዮሐንስ አደረሰሽ።

መሻገርሽንም አለመሻገርሽንም ሳላውቅ ነው የምጽፈው። ወሬሽ እስኪደርስ ወር ይፈጃል፤ የዛሬው ጠዋት ግን ወር እንዲቆይ አልፈለግሁም።

ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዱ ሕዝቡ ሊታጠብ ወደ ወንዝ ወረደ። እናትሽ ካሳ ከሞተ ወዲህ ምንጭ ትቀዳለች እንጂ ወንዝ ወርዳ አታውቅም፤ ታውቂያለሽ። ዛሬ አንቺ የላክሽላትን ጫማ በእጇ ይዛ ከሴቶቹ ኋላ መጣች። ጫማውን ደንጋይ ላይ አስቀመጠች። አንድ እግሯን አስገባች፣ ቆመች፤ ሌላውን አስገባች። እስከ ጉልበቷ ገባች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት።

«የኔታ፣ እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ ከውሃው ውስጥ።

«ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያሉ ይባላል» አልኋት።

«እንግዲያው እዚያ ገና አልነጋም፤ አልገባችም» አለችና እዚያው ቆመች። ሰው ታጥቦ ወጣ፣ ልጆቹ አደይ ሊለቅሙ ሄዱ፣ ፀሐይ ወጣች፤ እርስዋ አልወጣችም። ውሃው ብርድ ነው ብላት «አንድ ሰዓት ልጠብቃት፤ አብረን እንገባለን» አለች። ዳር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ሰዓት የለኝም፤ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ጨረስሁና፣ እንዳይጎድልባት ብዬ አንድ ጊዜ ደገምሁ። ከዚያ «አሁን ገብታለች» አልኋት። ፊቷን ታጠበች፣ ወጣች፣ ጫማዋን አደረገች።

ተሻግረሽ እንደሆነ ጻፊ። ወድቀሽ እንደሆነም ጻፊ። ደንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ እኔም ዓይን አለኝ፤ ሁሉንም አነብላታለሁ።

መሪጌታ እንድርያስ